የሐሙስ ውሃ

ኢየሩስ የለቅሶ ቤቱ በር ላይ ቆማ አንድ እግሯን ከጫማው አውጥታ ሁለተኛውን አላወጣችም። ጫማውን የሚያወልቀው ቤት ገብቶ ፍራሽ ላይ የሚቀመጥ ሐዘንተኛ ነው። ለቅሶ ደራሽ ጫማውን እንዳደረገ ደጁ ላይ በተተከለው ድንኳን ውስጥ አግዳሚ ላይ ያርፋል፣ ቡናውን ይጠጣል፣ ትንሽ ተክዞ ይሄዳል። እሷ ከሁለቱ የትኛዋ እንደሆነች ከምትኖርበት ከሴቻ እስከ ኩልፎ ወንዝ ዳር በባጃጅ ስትወርድ መንገዱን ሙሉ አስባበት ነበር። ባጃጁ ቆመ፤ መልሱ ግን አልመጣም።

የሞተው አጵሎስ ነው። ዘጠኝ ዓመት ባሏ ነበር፤ ከተፋቱ ደግሞ ስድስት ዓመታቸው። ሰኞ ጠዋት ሙዝ ማሳው ውስጥ ዘለላ ለመሸከም ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ልብ ነው አሉ። ማክሰኞ ቀትር ላይ ቀበሩት፤ ኢየሩስ ወሬውን የሰማችው ሰው ከቀብር ሲመለስ ነው።

አማርኛ ባሏ ለሞተባት ሴት ስም አለው፤ ለፈታችውም ስም አለው። ፈትታው ለሞተባት ግን ያዘጋጀው ነገር የለም። ይህን ከሁሉ አስቀድማ ያየችው አክስቷ ወለቴ ነበረች፤ ኢየሩስ ልብሷን ስትቀይር በር ላይ ቆማ፣ «ሄደሽስ ምን ልትዪ ነው?» አለቻት። «‹ያጽናችሁ› ካልሽ ባዳ ነሽ። ካለቀስሽ ደግሞ ‹ያኔ የት ነበርሽ› ይሉሻል። ቁጭ በይ እዚሁ፤ እኔ ዘንድ አልቅሺ።»

በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አየች። ፍራሹ በግድግዳው ዙሪያ ተነጥፏል። የአጵሎስ እናት ከደጋው ከኦቾሎ ወርደው መሃል ላይ ተቀምጠዋል። እህቱ ጽጌሬዳ በቀኛቸው ናት። በግራቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ የጽጌሬዳ ጥቁር ቦርሳ ተቀምጧል። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ የአጵሎስ አባት የሞቱ ጊዜ፣ ኢየሩስ ሦስት ቀን ሙሉ እዚያችው ቦታ ላይ ተቀምጣ ነበር። ያን ጊዜ ማንም ቦታዋን አልጠየቃትም፤ እሷም ራሷን አልጠየቀችም።

«እህቴ፣» አላት አንድ ድምፅ ከጎኗ። የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ኅብረት አስተባባሪ ማዕዶት ነበረች፤ ለከተማው አዲስ ስለሆነች ማንንም አታውቅም። «እጅሽ ባዶ ከሆነ ሲኒ የሚያጥብልን ሰው አጥተናል። እባክሽ።»

ኢየሩስ ከጫማው ያወጣችውን እግር መልሳ አስገባችና ተከተለቻት። በሕይወቷ እንዲህ ያስደሰታት ትእዛዝ ያለ አይመስልም። ከጓሮ፣ ከማንጎው ሥር፣ በሁለት ሳፋ መሃል ዱካ ላይ ተቀመጠችና እጇን እስከ ክርኗ ውሃ ውስጥ ነከረች።

ሁሉም የሚያውቀው አንድ ወግ አለ፦ ሐዘንተኛ አይሠራም። ውሃው የሚቀዳለት፣ ምግቡ የሚቀርብለት፣ እሳቱ የሚነድለት በሌላ እጅ ነው። ስለዚህ ኢየሩስን ሳፋው ላይ ያየ ሁሉ ግራ ገባው። የሚያውቋት ሰዎች ለማጽናናት እየቀረቡ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ከመሥሪያ ቤቷ ዘሚካኤል መጣ፤ በመዝገብ ቤቱ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ የሚቀመጡ ናቸው። ወዲያው ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ «እግዚአብሔር ያጽ…» ብሎ ጀመረና ሳሙናዋን አየ። ሲኒ የምታጥብ ሐዘንተኛ አይቶ አያውቅም። «…ያበርታሽ፣» ብሎ ጨረሰው፤ ያሳዘነው የሲኒው ብዛት ይመስል።

«አሜን፣» አለችው። ሌላ ምን ትበለው?

ከቤት የሚወጣው ሹክሹክታ በጋሞኛ ነው። አባቷ አቶ ፈቃደ ከሰሜን ለመምህርነት መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ፤ እሷ ያደገችው ሴቻ ላይ በአማርኛ ነው። ዘጠኝ ዓመት በትዳር ጋሞኛ ብትለማመድም ሰው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ይጠፋባታል። ስሟን ሰማች። «ሐሙስ» የሚል ሰማች። ከዚያ በኋላ ያለው አመለጣት።

ሲኒውን ስታሽከረክር የፍርድ ቤቱ በር መጣባት። ፍቺው የጸደቀ ቀን ጠዋት፣ ሁለቱም ወረቀታቸውን ይዘው ደረጃው ላይ ቆመው ነበር። ሰው በእንዲህ ያለ ቀን ትልቅ ነገር የሚናገር ይመስላታል፤ «ይቅር በዪኝ» ወይም «ዓይንሽን አያሳየኝ» ዓይነት። አጵሎስ ግን ወረቀቱን በአራት አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ «ቁርስ በልተሻል?» አላት።

«አዎ፣» አለችው። አልበላችም ነበር። እሱ በማንጎ መሸጫው በኩል ወረደ፤ እሷ ባጃጅ ጠራች። ዘጠኝ ዓመቱ ያለቀው እንዲህ ነው። ጠብም አልነበረም፣ እርቅም አልነበረም፤ አንድ ያልተበላ ቁርስ ብቻ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ልትሄድ ስትነሣ ወለቴ ሻይዋን እያማሰለች ጠየቀቻት። «ትናንት የት ተቀመጥሽ?»

«አልተቀመጥኩም።»

«ቆመሽ ዋልሽ?»

«ሲኒ ሳጥብ ዋልኩ።»

ወለቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ልጄ፣ ይኼ ለቅሶ ነው ወይስ ደሞዝ የሌለው ሥራ?» አለች። ኢየሩስ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች።

ያን ቀን እኩለ ቀን ላይ ጽጌሬዳ ለእናቷ መድኃኒት መዋጫ ውሃ ፈልጋ ወደ ጓሮ መጣች። ማሰሮው ያለው ኢየሩስ ዘንድ ስለሆነ መሸሽ አልቻለችም። ስታለቅስ ሰንብታ ፊቷ አብጧል፤ የአፍንጫዋ ቅርፅ ቁርጥ የወንድሟ ነው። ኢየሩስ አይታ ዓይኗን ሰበረች።

«ማን ጠራሽ?» አለች ጽጌሬዳ።

«ማንም።»

«ይሁን።» ብርጭቆውን ሞላች። «ሰኔ ላይ ደውሎልሽ ነበር አይደል?»

«ደውሎ ነበር።»

«እደውላለሁ ብለሽው ነበር። ሐምሌን ሙሉ ስልኩን እያየ ነው የከረመው። አንዴ ‹ኔትወርክ ይሆን እንዴ› አለኝ። ‹የመንግሥት ሠራተኛ ነች፣ ኔትወርክ አይደለም› ልለው ፈልጌ ተውኩት።»

ኢየሩስ ሲኒውን ውሃ ውስጥ ለቀቀችው። «ምን ሊነግረኝ ነበር?»

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ? የእሱን ነገር ታውቂው የለ፤ ሁሉን ሆድ ይፍጀው ነው።» ብርጭቆውን አነሣችና ሁለት እርምጃ ሄዳ ዞረች። «እዚህ መሆንሽ ጥሩ ነው። ሲኒው ይጥራ እንጂ።»

እውነቷን ነው፤ ደውሎ ነበር። «ኢየሩስ፣ አንድ ቀን ሻይ እንጠጣ። የምነግርሽ ነገር አለ፣» ነበር ያላት። «የበጀት መዝጊያ ነው፤ ሪፖርቴን ልጨርስና እደውልልሃለሁ፣» አለችው። ሪፖርቱ ሰኔ ሠላሳ ተዘጋ። ሐምሌ ገባ፣ አለቀ። ስልኩን ስንት ጊዜ አንሥታ አስቀመጠችው። ሊያገባ ነው፣ ከሰው ሳልሰማ ቀድሞ ሊነግረኝ ነው ብላ ፈራች። ለምን እንደምትፈራ ደግሞ አልገባትም፤ የፈታችው እሷ ናት።

የፈታችበትን ምክንያት ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግራቸው ነበር። «ሐዘን ከማያውቅ ሰው ጋር አልኖርም።»

ነገሩ የዛሬ ሰባት ዓመት ነው። በስምንተኛ ወሯ ምጥ መጣባት፤ ልጁ ተወለደ፣ አላለቀሰም። ወንድ ነበር። ብዙ ደም ፈስሷት ስለነበር ሲቀበር አላየችም፤ አጵሎስና ሁለት ሽማግሌዎች ወስደው ቀበሩት። ድንኳን አልተተከለም። ሳያለቅስ ለሄደ ልጅ ለቅሶ አይቀመጡም አሏት፤ ሴቶች አጥሚት ይዘው መጥተው «ሌላ ይሰጥሻል» እያሉ ሄዱ። ማንም «ያጽናሽ» አላላትም። ስም እንኳ አልወጣለትም፤ ሰው ስም ለሌለው ነገር እንዴት ያለቅሳል?

በማግስቱ ሐሙስ ነበር። ኩልፎ ላይ ከቦዩ የሚያጠጣ ገበሬ ሁሉ የራሱ ቀን አለው፤ የአጵሎስ የውሃ ተራ ሐሙስ ነው። ኢየሩስ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ተኝታ ሳለ ዶማው ከበሩ ጀርባ ሲነሣ ሰማች። ልጁን በቀበረ ማግስት ውሃ ሊያጠጣ ሄደ። አርብም ሄደ። ቅዳሜም ሄደ። አመሻሽ ላይ ሲመለስ ዶማውን ከበሩ ጀርባ ያስደግፈዋል፤ ከአልጋዋ ሆና ስታየው ንጹሕ ነው፣ የጭቃ ዘር የለበትም። አጥቦታል አለች በልቧ። ልጁን አፈር አልብሶ፣ ዶማውን አጥቦ መጣ። ያቺ ንጹሕ ዶማ ከሁሉ ይልቅ አንገበገበቻት። በዓመቱ ሽማግሌዎቹ ፊት ይህን ስትናገር አጵሎስ አንድ ቃል አልመለሰም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ዝም አይነቅዝም» ብለው አሞገሱት። ነቀዘ እንጂ፤ ቤቱን በሙሉ በላው።

ሐሙስ ሦስተኛው ቀን ነበር። ከሰዓት በኋላ መዘምራን መጥተው ይዘምራሉ፣ ወንጌላዊው ይጸልያል፣ ድንኳኑ ይነቀላል። ኢየሩስ ስለ ነገ ማሰብ አልቻለችም። ነገ የሚታጠብ ሲኒ የለም። ድንኳኑ ከመነቀሉ በፊት ታለቅስ ይሆን፣ ወይስ ያው እንደ ልጁ፣ ሳይለቀስለት የቀረ ሁለተኛ ሰው ሊኖራት ነው?

ጋሽ ካሱ በጓሮ በር ገቡ። ማሳቸው ከአጵሎስ ማሳ ቀጥሎ ነው፤ በቦዩ ተራም ከእሱ የሚቀጥሉት እሳቸው ናቸው። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለዋል፤ እግራቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ዶማቸውን ማንጎው ላይ አስደግፈው፣ «እግር መታጠቢያ ስጪኝ፣» አሉ። «እንዲህ ሆኜ ቤት አልገባ።»

ኢየሩስ ቀዳችላቸው። እየታጠቡ ቀና ብለው አዩዋት።

«ዛሬ ሐሙስ አይደለም ወይ። ውሃው የእሱ ነው። ስድስት ሆነን አጠጣንለት፤ እስከ ዳር ደርሷል። ሙዙ አይጠማም።»

«ጌታ ይስጥልን ጋሽ ካሱ።»

«የእኛ ደንብ ነው። የውሃ ጓደኛ ሐዘን ሲኖረው እሱ ዶማ አይነካም፤ እኛ እናጠጣለታለን።» ሁለተኛውን እግራቸውን ወደ ውሃው አስገቡ። «ያኔም እንዲሁ እኛ ነን ያጠጣን። ልጃችሁ የሞተ ጊዜ።»

ኢየሩስ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀረች። «የቱ ጊዜ?»

«ልጃችሁ ነዋ። ያም ሐሙስ ነበር። በጠዋት ዶማውን ይዞ መጣ። ዓይኑን ሳየው ገባኝ፤ ዶማውን ከእጁ ነጠቅሁ። ሐዘንተኛ አይሠራም፣ ተቀመጥ አልኩት። የሙዝ ቅጠል አነጠፍን፣ ተቀመጠ። ሦስት ቀን እዚያ ተቀመጠ። ቦዩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ቆሎውን እየያዘ መጣ፤ ‹ጌታ ያጽናናህ› አልነው። አለቀሰ እሱ። ወንድ ልጅ እንዲያ ሲያለቅስ እኔ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።»

ውሃው ከማንቆርቆሪያው አፍ እየፈሰሰ እግራቸውን አልፎ መሬት ላይ ይወርድ ነበር፤ አላየችውም። ከበሩ ጀርባ የተደገፈውን ዶማ ነበር የምታየው። ያጠበው አልነበረም። አልነካውም።

«ለምን አልነገረኝም?» አለች።

«ነገርኩት እኮ። ‹ቤትህ ሂድ፣ ከእሷ ጋር ተቀመጥ› አልኩት። ‹ሐኪሙ አታስለቅሷት ብሏል፣ ደሟ ፈስሷል› አለ። ‹ሳለቅስ ካየችኝ ታለቅሳለች› አለ። እኛንም ቤት አትምጡ ብሎ ከለከለን። ኋላ ስትድኚ ነግሮሽ ይሆናል አልን።» ፊቷን አዩና ነገሩ ዘግይቶ ገባቸው። «አልነገረሽም?»

«ሐኪሙ ለአንድ ሳምንት ነው ያለው፣» አለች ኢየሩስ። «ለአንድ ሳምንት ነበር ያለው ጋሽ ካሱ።»

ጋሽ ካሱ በነጠላቸው ጫፍ እግራቸውን አደራርቀው ዶማውን ትተው ወደ ድንኳኑ ሄዱ።

ኢየሩስ ዱካዋ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ደስ ይበላት ወይስ ትናደድ አላወቀችም። አልቅሷል። እሷ ግድግዳ ስታይ እሱ ሙዝ ሥር ተቀምጦ ሰው አጽናንቶታል፤ ቆሎ ቀርቦለታል። ታዲያ የእሷስ ቆሎ የት ነበር? ሞኝ፣ አለችው በልቧ፤ ለእኔ ብለህ እኔን ብቻዬን ተውከኝ። ወዲያው ደግሞ ያቺን ንጹሕ ዶማ ሽማግሌ ፊት እንደ ምስክር ያቆመቻት ራሷ መሆኗ ትዝ አላት። ያኔ ተነሥታ «የት ዋልክ?» ብትለው ኖሮስ? ሦስት ቃል አይሞላም። ሰኔ ላይ ሊነግራት የነበረው ይህንን ይሆን? ወይስ እውነትም ሊያገባ ኖሯል? ይህን ከእንግዲህ የሚነግራት የለም። ጋሽ ካሱም አያውቁም፣ ጽጌሬዳም አታውቅም። የሰባት ዓመት ቂሟን ድንገት ከእጇ ወስደውባታል፤ በምትኩ የሰጧትን ነገር ምን ብላ እንደምትጠራው ገና አላወቀችም።

አንድ ነገር ግን ታወቃት። እጇ ውሃው ውስጥ ነው፣ እየሠራች ነው፤ ሐዘንተኛ ደግሞ አይሠራም።

ሲኒውን አስቀምጣ ተነሣች።

«ውሃ ጨረስሽ?» አለች ማዕዶት፣ ከምድጃው ዘንድ።

«ውሃውስ አለ። ሌላ ሰው ይጠብልኝ።»

«ደከመሽ?»

«የሞተው…» አለችና ቃል ፈለገች። ‹ባሌ› ሐሰት ነው። ‹የቀድሞ ባሌ› ደግሞ የወረቀት ቃል ነው። «የሞተው አጵሎስ ነው፣» አለች፤ ማዕዶት ይህን የማታውቅ ይመስል። ማዕዶት ግን አየቻትና አንዳች ሳትጠይቅ ዱካው ላይ ተቀመጠች።

በር ላይ ሁለቱንም ጫማ አወለቀች። ቤቱ ሞልቷል፤ መዘምራኑ ገና አልጀመሩም። በሰዉ እግር መሃል አልፋ ከአጵሎስ እናት በግራ በኩል ስትደርስ ቆመች። ቦርሳው እዚያው ነው። ጽጌሬዳ ቀና ብላ አየቻት፤ መጀመሪያ ፊቷን፣ ቀጥሎ ባዶ እግሯን። ኢየሩስ ይቅርታ ከየት እንደሚጀመር አታውቅም። ረጅም ጊዜ የቆመች መሰላት። ከዚያ ጽጌሬዳ እጇን በእናቷ ጉልበት ላይ አሳልፋ ቦርሳውን አነሣችና እቅፏ ውስጥ አደረገችው።

ኢየሩስ ተቀመጠች። እናቲቱ ዞረው አላዩዋትም፤ ትከሻቸውን ብቻ ትንሽ ወደ እሷ አስጠጉ።

ለቅሶ ደራሾች በተራ መግባት ጀመሩ። ሰልፉ ላይ ጋሽ ካሱ ነበሩ፤ እግራቸው ታጥቧል፣ የሱሪያቸው ጠርዝ ግን ርጥብ ነው። ጽጌሬዳ ፊት ጎንበስ ብለው «ጌታ ያጽናናሽ» አሉ። ለእናቲቱ በጋሞኛ አሉ። ኢየሩስ ዘንድ ደረሱ።

«ጌታ ያጽናናሽ።»

«አሜን፣» አለች።

ጋሽ ካሱ አላለፉም። ከኋላቸው የቆመው ሰው ጠበቀ። እንደ ገና ጎንበስ አሉ፣ ከመጀመሪያው ዝቅ ብለው።

«ጌታ ያጽናናሽ፣» አሉ ደግመው።

ጽጌሬዳ ሽማግሌው የረሱ መስሏት ቀና አለች። ኢየሩስ ግን ሁለተኛው የማን እንደሆነ አውቃለች። ሰባት ዓመት የጠበቀችው ቃል ነው። «አሜን» ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ለቅሶ ነበር። ለየትኛው እንደምታለቅስ፣ ለአባትየው ይሁን ለልጁ፣ አልለየችም። ቢጠይቋትም አትነግራቸውም ነበር።

የአጵሎስ እናት ዞር አሉ። የኢየሩስ እጆች ጉልበቷ ላይ ነበሩ፤ እስከ ክርኗ ርጥብ ናቸው፣ በጣቶቿ መሃል የሳሙና አረፋ አልጠፋም። የአሮጊቷ አማርኛ ጥቂት ነው። የነጠላቸውን ጫፍ ስበው የግራ እጇን ጭናቸው ላይ አኖሩና ጣቶቿን አንድ በአንድ ማድረቅ ጀመሩ።